አሮጌ ሰርኩላር ወደ ከፍተኛ ቮልት ሲቀየር፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

አጎቴ ፍኖተ ሰላም ላይ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። አምና አንድ አሮጌ ሰርኩላር መጋዝ ከጨረታ ገዙ። ጠረጴዛው ሙሉ ብረት ነው፤ ከመኪና ያወረድነው አምስት ሆነን ነው። አሜሪካ የተሠራ ዕቃ ነው። ስፒናው ከሶኬታችን ጋር ስላልገጠመ አንድ ሠራተኛ ቆርጦ ጣለውና የእኛን ስፒና አሰረበት። ሰካው። ሞተሩ አጓራ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተ፣ ብሬከሩ ጣለ። ሦስት ሰከንድ አልሞላም።

"ልጄ፣ ገንዘቤን እሳት በላው መሰለኝ" ብለው ደወሉልኝ።

አልበላውም ነበር። ሞተሩ በ115ም በ230ም ቮልት እንዲሠራ የተሰናዳ ነው። ችግሩ ውስጡ ለ115 እንደታሰረ የእኛ መስመር 220 መግባቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቡሬም፣ ከዳንግላም፣ ከሞጣም ተመሳሳይ ጥያቄ ይመጣልኛል። ሁሉም የሚጠይቀኝ "ሽቦውን እንዴት ልሰረው?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለኝ። ሽቦውን ማዛወር፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ሽቦ ለ230 እንደገና ማሰር ነው የሚሻለው ወይስ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር? ሞተሩን መቀየር ነው ወይስ ሦስት ፌዝ ማስገባት? እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ሽቦውን በትክክል ቢያስርም ከወራት በኋላ ሞተሩ ይቃጠልበታል።

ታርጋው ምን ይላል?

በሞተሩ ጎን ትንሽ የብረት ታርጋ አለች። በግራሶና በሰጋቱራ ተሸፍና ይሆናል። በናፍታ በነከራችሁት ጨርቅ ጥረጓት። ፎቶ አንሱ። አራት ነገር ፈልጉ፦ ቮልት፣ ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ)፣ ፌዝ (በአንድ ወይስ በሦስት መስመር እንደሚመጣ)፣ አምፔር (ሞተሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን)።

"115/230፣ 60 ኸርዝ፣ 1 ፌዝ" ካለ የአጎቴ ዓይነት የአሜሪካ ሞተር ነው። አምፔሩም በዚያው ቅደም ተከተል ይጻፋል። "18/9" ካለ በ115 ቮልት 18፣ በ230 ደግሞ 9 አምፔር ይወስዳል ማለት ነው። "220/380፣ 50 ኸርዝ፣ 3 ፌዝ" ካለ የአውሮፓ ወይም የሶቪየት ሞተር ነው። ባሕር ዳር ፖሊ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው የተቋቋመው፤ የሶቪየት ማሽን በአካባቢያችን ቢገኝ ሊገርመን አይገባም። "115" ብቻ ካለ ደግሞ ሁለተኛ ምርጫ የለውም። እሱን በሽቦ ማዛወር ወደ 220 ማምጣት አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኸርዙን ነው። መብራቱ ከጣና በለስም ይምጣ ከህዳሴው፣ ወደ እኛ የሚደርሰው 50 ኸርዝ ነው። ይህን የሚቀይር ስፒናም ትራንስፎርመርም የለም። ምርጫችሁን ከምንም በላይ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላጥራ። "ወደ 220 ሲቀየር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል" የሚሉ አሉ። አይሆንም። አንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በ115ም በ230ም ያው አንድ ተኩል ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን አምፔሩ ግማሽ ይሆናል፤ ሲባዙ ያው ነው። ቆጣሪውም ያንኑ ይቆጥራል። የከፍተኛ ቮልት ጥቅም ሽቦው ላይ ነው። ሥራ ቤታችሁ ከቆጣሪው 40 ሜትር ቢርቅና ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ብትዘረጉ፣ 18 አምፔር ሲያልፍ መንገድ ላይ 10 ቮልት ተኩል ገደማ ይጠፋል። ከ115 ላይ 9 ከመቶ ማለት ነው። 9 አምፔር ሲያልፍ የሚጠፋው 5 ቮልት ያህል ነው፤ ከ220 ላይ 2 ከመቶ ተኩል አይሞላም። ወፍራም የዋንዛ ጣውላ መሃል ላይ ስትደርሱ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል።

መንገድ አንድ፦ ሽቦውን ማዛወር

ታርጋው ሁለት ቮልት ከጻፈ በጣም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ወጪው የባለሙያ ዋጋ፣ ጥቂት ማያያዣና ናስትሮ ነው። የሞተሩ ዋና ኮይል (የመዳብ ሽቦ ጥምጥሙ) ለሁለት የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ 115 ቮልት ይችላል። ለ115 ሲታሰር ሁለቱ ፓራለል (ጎን ለጎን) ይሆናሉ። ለ230 ሲታሰር በሲሪስ (አንዱ ከሌላው ተከትሎ) ይያያዛሉ፣ ቮልቱን ለሁለት ይካፈሉታል። የማስነሻው ኮይል ግን የሚችለው 115 ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ግማሽ ጋር ብቻ ፓራለል ይገባል። ቻርጅ ይዞ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተርም በዚህ ምክንያት መቀየር አያስፈልገውም። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ ታርጋው ላይ ወይም በሽቦ ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ አለ። ከሥዕሉ አትውጡ። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት የሌላ ሞተር ሥዕል የእናንተ ሥዕል አይደለም።

ከመንካታችሁ በፊት ስፒናውን ንቀሉ። ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ይቆያልና መጀመሪያ ቻርጁን አስለቅቁት። የእያንዳንዱን ሽቦ ቁጥር በናስትሮ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ኤሌክትሪክ ሥራችሁ ካልሆነ ደግሞ ባለሙያ ጥሩ። በዚህ ላይ መሸማቀቅ የለም።

ታርጋው "50/60 ኸርዝ" ካለ ይህን መንገድ ሳላመነታ እመክራለሁ። "60" ብቻ ካለ ግን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ፍጥነት ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3450 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ50 ወደ 2875 ይወርዳል። ይህ ብዙም አያሳስበኝም። ባለ 10 ኢንች ዲስክ በደቂቃ 4000 ይዞር ከነበረ ጥርሱ በሰከንድ 53 ሜትር ይሄዳል፤ አሁን 44 ይሆናል። እንጨት ይቆርጣል። ፑሌጃ በመቀየር ፍጥነቱን ለመመለስ የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ሞተሩን ጭነት ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፣ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የሞተሩ ብረት በ50 ኸርዝ ከታሰበለት 15 ከመቶ ያህል የበለጠ ማግኔት ይሸከማል። ምንም ሳይቆርጥ ብዙ አምፔር ይጠጣል፣ ይጮኻል፣ ይግላል። የእኛ አገር ከፍታም አለ። ሞተር በተለምዶ የሚለካው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ታስቦ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2400 ሜትር ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርን እንደ ቆላ አየር አያቀዘቅዝም። ሁለቱ ሲደመሩ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ባለ 60 ኸርዝ ሞተር ደጋ ላይ ዕድሜው አጭር ነው።

ካሰራችሁ በኋላ እምቢ ካለ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ የሚደወልልኝ በዚህ ነውና። ለሙከራ ሁልጊዜ ቺንጋውን አውጡ፣ ሞተሩ ብቻውን ይዙር። ዲስኩ ላይ ሆናችሁ አትሞክሩ።

ወዲያው አጓርቶ ብሬከሩን ከጣለ፣ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አሁንም ለ115 እንደታሰረ ነው፣ ወይ ከሁለቱ ግማሾች አንዱ ተገልብጦ ገብቷል። የመጀመሪያውን በመልቲሜትር ታውቁታላችሁ። የማስነሻውን ኮይል ነጥላችሁ የዋናውን ኮይል ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) ለኩ። በሲሪስ ከሆነ ፓራለል ከነበረው አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ሁለተኛውን ግን መልቲሜትር አይነግራችሁም፤ ኮይሉ ቢገለበጥም ኦሙ ያው ነው። ምልክቱ ሞተሩ እየጮኸ ቁጭ ማለቱ፣ በእጅ ተገፍቶም አልነሳ ማለቱ ነው። ሁለቱ ግማሾች አንዱ የሌላውን ማግኔት እያጠፋ ነው። አንድ ሰከንድ አታቆዩት። የሽቦዎቹ ቁጥር ከጠፋ በግምት አትሞክሩ፣ ሞተር ወደሚጠመጥም ሰው ውሰዱት።

ድምፁ እንደ ንብ ብቻ ከሆነና ካልዞረ የማስነሻው መስመር ላይ ችግር አለ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አጥፍታችሁ ዘንጉን በእጅ አሽከርክሩት። እጃችሁን አንሱ። ሌላ ሰው ያብራው። ወደገፋችሁት አቅጣጫ ተነስቶ ከዞረ ዋናው ኮይል ደህና ነው። ጥፋቱ ካፓሲተሩ፣ ወይም የረሳችሁት የማስነሻ ሽቦ፣ ወይም በሞተሩ የኋላ ክዳን ውስጥ ያለው፣ ሞተሩ ሲፈጥን የማስነሻውን ኮይል ከመስመር የሚያወጣው ሴንትሪፉጋል ስዊች ነው። በእንጨት ቤት ከሦስቱ ቀድሜ የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው። ሰጋቱራ መገናኛዎቹ መሃል ይገባል። ከፍታችሁ በአየር ንፉት፣ መገናኛዎቹን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አሻሹ። ሞተሩ ሲጠፋና ፍጥነቱ ሲወርድ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ስዊቹ እየሠራ ነው።

ተነስቶ፣ ሲያጓራ ቆይቶ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚጥል ከሆነስ? የማስነሻው ኮይል አልወጣም ማለት ነው። ይህ የ60 ኸርዝ ሞተር የሚታወቅ ጣጣ ነው። ስዊቹ የሚከፈተው ሞተሩ ከሙሉ ፍጥነቱ 75 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ለ3450 ሲሰላ ወደ 2600 ማለት ነው። በ50 ኸርዝ የሞተሩ ሙሉ ፍጥነት 2875 ነው። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ቮልቱ ወርዶ ወይም ቺንጋው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከሆነ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል። ካፓሲተሩ ይፈነዳል፣ ከዚያ ኮይሉ ይከተላል።

ወደ ኋላ ከዞረ አትደንግጡ፤ የማስነሻው ኮይል ሁለት ጫፎች ተለዋውጠዋል። ግን ሳታስተካክሉ አንድም ጣውላ አታስገቡ። ከጠረጴዛው በላይ ያለው የዲስኩ ጥርስ ወደ ቆራጩ ሰው መምጣት አለበት። በግልባጭ ሲዞር ዲስኩን የያዘው ዳዶ ሊፈታ ይችላል።

ቁልፉን ስትጫኑ ዝም ካለ የማግኔት ማስነሻውን እዩ። በአሮጌ ማሽን ላይ የኮንታክተሩ (በዚህ ማስነሻ ውስጥ መስመሩን በማግኔት የሚያገናኘው ማብሪያ) ኮይል ራሱ 115 ቮልት ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አዛውራችሁ እሱን ከረሳችሁ 220 ሲመጣበት ይቃጠላል። ማሽኑ ላይ ያለችው የሥራ መብራትም እንደዚያው። ኦቨርሎዱን (አምፔር ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋውን መከላከያ) ደግሞ ለ9 አምፔር አስተካክሉት። በ18 ላይ ከተዋችሁት ሞተሩ እስኪቃጠል ዝም ብሎ ያያል።

ሲነሳ ብቻ የሚጥል ብሬከር ካላችሁ ዓይነቱን ተመልከቱ። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ የብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል። ሲ የሚል ምልክት ያለው ብሬከር ይታገሠዋል፣ ቢ ግን ይጥላል። አምፔሩ ትልቅ የሆነ ብሬከር በመግጠም ችግሩን አትሸፋፍኑት፤ ያን ጊዜ የሚነደው ሽቦው ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚጥል ከሆነ ግን ጥፋቱ ከሽቦ አይደለም። የደነዘ ዲስክ፣ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ፣ የደረቀ ኩሽኔታ፣ ወይም በሰጋቱራ የታፈነ የሞተር ማራገቢያ ፈልጉ።

ሁለት ነገር ደግሞ በማንኛውም መንገድ አይቀርም። የመሬት ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰር፤ የአሜሪካው ገመድ ላይ አረንጓዴው ነው። ቁልፉ ደግሞ ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥና ለ250 ቮልት የተሠራ ይሁን። ተራ ቁልፍ ባለው መጋዝ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኩ በራሱ ይነሳል። ጣውላውን የሚያስተካክል ሰው እጁ እዚያ ሊሆን ይችላል። የማግኔት ማስነሻ ግን መብራት ሲሄድ ይለቃል፣ እንደገና ካልተጫኑት አይነሳም። ለዚህ የምታወጡትን ገንዘብ አትሰስቱ።

መንገድ ሁለት፦ ትራንስፎርመር

ሽቦ መንካት ስለማይጠይቅ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ለእንጨት ቤት አልመክረውም። ለቤት ዕቃ የሚሸጡት ትናንሾቹ ይህን መጋዝ ማስነሳት አይችሉም። 115 ቮልት ሲባዛ በ18 አምፔር ከ2000 ያልፋል፤ መነሻው ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ቢያንስ 3 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ እኔ ብሆን 5 እገዛለሁ። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ኸርዙንም አይቀይርም። ሙቀቱ ባለበት ይቀራል። ትርጉም የሚሰጠው ታርጋው "115" ብቻ ሲልና መጋዙ በሳምንት አንዴ ሲነሳ ነው።

መንገድ ሦስት፦ ሞተሩን መቀየር

መጋዙ ጥሩ፣ ሞተሩ ባለ 60 ከሆነ እና በየቀኑ የምትቆርጡበት ከሆነ ምርጫዬ ይህ ነው። የአሮጌ መጋዝ ዋጋው ጠረጴዛው፣ ዘንጉና መመሪያው ነው። ሞተር የትም ይገዛል። ነጠላ ፌዝ፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ጉልበቱ ከአሮጌው ያላነሰ ይሁን። ዙሩን አትርሱ፤ 1400ዎቹ ውስጥ ያለና 2800ዎቹ ውስጥ ያለ ሞተር አንድ አይደሉም። ስህተት ከገዛችሁ ፑሌጃው በሙሉ ይለወጣል።

አድካሚው ማስገጠሙ ነው። የአሜሪካው ሞተር ዘንግ ብዙ ጊዜ አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው፣ 16 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በሜትሪክ የተሠራው 19 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ነው። ፑሌጃው ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የእግሩ ቀዳዳዎችም አይገጥሙም፤ ወፍራም ላሜራ ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። አንድ ቀን ይበላል። ቢበላም በኋላ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

አሮጌውን ሞተር ለ220 እና ለ50 ኸርዝ እንደገና ማስጠምጠምስ? የተቃጠለ ከሆነና አዲስ ሞተር ካልተገኘ ይሁን። ጠምጣሚው ግን ለ50 ኸርዝ የሽቦውን የጥምጥም ቁጥር አስልቶ መጨመር አለበት። የነበረውን ቆጥሮ ያንኑ የሚመልስ ከሆነ ያው ሙቀት ይመለሳል። ይህን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት።

መንገድ አራት፦ ሦስት ፌዝ

ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ካላችሁ፣ ወይም ፕላነርና ሌላ ማሽን ለመጨመር ካሰባችሁ፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ካፓሲተር የለውም፣ ሴንትሪፉጋል ስዊች የለውም። የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው። ግን እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። "220/380" የሚል ሞተር በእኛ 380 መስመር ላይ በስታር (የሦስቱ ኮይሎች አንድ አንድ ጫፍ አንድ ላይ ታስሮ) ነው የሚታሰረው። "380/660" የሚል ደግሞ በዴልታ (ሦስቱ ኮይሎች ጫፍ ለጫፍ በቀለበት ተያይዘው)። የመጀመሪያውን በዴልታ ያሰረ ሰው ኮይሉ ላይ ከሚችለው 1.73 እጥፍ ቮልት ይጭንበታል፣ ይቃጠላል። ሁለተኛውን በስታር ያሰረ ሰው ጉልበቱ ሲሶ ይሆንበትና "ሞተሩ ደክሟል" ብሎ ይሸጠዋል። ያልደከመ ሞተር በዚህ ምክንያት በርካሽ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ሳጥኑን ስትከፍቱ ስድስት ጫፍ ታያላችሁ። በሶቪየት ሞተር ላይ ከሲ1 እስከ ሲ6 የሚል ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መነሻ፣ የኋለኞቹ መድረሻ ናቸው። ስታር ማለት ሦስቱን መድረሻዎች አንድ ላይ አስሮ መስመሩን በመነሻዎቹ ማስገባት ነው። በግልባጭ ከዞረ ከሦስቱ መስመር ሁለቱን መለዋወጥ ይበቃል። እየጮኸ ካልተነሳ ደግሞ አንድ ፌዝ ጎድሏል፤ ፊውዝና መገናኛ እዩ።

ሦስት ፌዝ ቆጣሪ የሌለው ሰው ግን "220/380" ሞተር ካለው ተስፋ አይቁረጥ። ከነጠላ ፌዝ 220 ወስዶ ሦስት ፌዝ 220 የሚያወጣ ኢንቨርተር አለ። ያኔ ሞተሩ በዴልታ ይታሰራል። ቀስ ብሎ ያስነሳዋል፣ ፍጥነቱም ይስተካከላል። ለ"380/660" ሞተር ግን ተራው ኢንቨርተር አይሆንም፤ ነጠላ ፌዝ ባለ ካፓሲተር ሞተር ላይም አይገባም።

የአጎቴ መጋዝ

መጀመሪያ ሽቦውን አዛወርኩት። ተነሳ፣ በትክክል ዞረ፣ ዋንዛ ቆረጠ። አጎቴ ደስ ብሏቸው ሠራተኞቹን ቡና አጠጡ። እኔ ሽቦውን ታቅፎ አምፔር የሚለካውን ክላምፕ ሜትር አወጣሁ። ታርጋው በ230 ቮልት 9 አምፔር ይላል። ምንም ሳይቆርጥ 8 ከምናምን ይወስድ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሠርቶ አካሉ ላይ እጅ ማሳረፍ አልተቻለም።

"አጎቴ፣ ይሄ ሞተር እስከ ፋሲካ አይደርስም" አልኳቸው። ተከራከሩኝ። እየሠራ ያለ ነገር ለምን ይነቀላል አሉ። በማግስቱ ራሳቸው ዳሰሱትና ዝም አሉ።

ባለ 50 ኸርዝ ሞተር ገዝተን ገጠምን። ፑሌጃውን ቶርኖ ቤት አስፍተን፣ ላሜራ በስተን፣ ኦቨርሎዱን በአዲሱ ታርጋ ልክ አስተካክለን። አሮጌው የአሜሪካ ሞተርም አልተጣለም። በር አጠገብ የመጥረቢያና የመላጊያ ምላጭ የሚስለውን ድንጋይ ያዞራል፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይሠራም።